ፈረንሳይኛው አንድ፣ በሩ ሁለት

«ልጅቷ ፈረንሳይኛ ታውቃለች። ጄኔቫ የምትናገረውም ፈረንሳይኛ ነው። ታዲያ ምን ጎደላት?» አልኳቸው።

«ፓስፖርት» አሉኝ ጋሼ።

«ፓስፖርትማ አላት።»

«የየት አገር?»

«የኢትዮጵያ።»

«አየህ? የጎደላትን ራስህ ተናገርከው።»

ዙሪክ ነን፤ እሁድ ከሰዓት ነው፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። እኔ ሦስት ሰዓት የማይሞላውን መንገድ ከጄኔቫ በባቡር መጥቻለሁ። ጋሼ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድመው ዙሪክ የገቡ፣ የከተማውን ጀርመንኛ ከነዘዬው የሚናገሩ፣ በተረብ ደግሞ የሚቀድማቸው የሌለ ሰው ናቸው። ለወትሮው የምንገጥመው በኳስ ነበር። ዛሬ የገጠምነው በአንዲት ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በፈረንሳይኛ ተምራለች፤ ባካሎሬያዋን ይዛለች፤ ዩኒቨርሲቲም ተቀብሏታል። ለቪዛ ጥያቄዋ ወራት ጠብቃ የመጣላት መልስ ግን ክልከላ ሆነ። ስሟንም የከለከላትን ቢሮም አልጠራም። ከደብዳቤው መስመሮች አንዱ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል። የመማር ዓላማሽ አላሳመነንም ይላል።

የጋሼን ንግግር እዚህ የምጽፈው ሰውየውን ለማሳጣት አይደለም። እሳቸው ያሉትን ግማሹ ያገራችን ሰው በየቡናው ይለዋል፤ የተከለከለውም ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይቀበለዋል። እኔ ደግሞ አልቀበለውም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አገሩ የነሱ ነው» አሉ ጋሼ። «የፈለጉትን ያስገባሉ፤ ያልፈለጉትን ይመልሳሉ።»

«አገሩ የነሱ ነው፤ ሕጉም የነሱ ነው። እኔ የምሟገተው በራሳቸው ሕግ ነው።»

የስዊዘርላንድ የውጭ ዜጎች ሕግ፣ አንቀጽ 27፣ ሊማር የሚመጣን ሰው አራት ነገር ይጠይቀዋል። ትምህርት ቤቱ ትምህርቱን መከታተል ትችላለህ ብሎ ያረጋግጥ፤ ማደሪያ ይኑርህ፤ የምትኖርበት ገንዘብ ይኑርህ፤ የትምህርት ደረጃህና የግል ብቃትህ የሚመጥን ይሁን። አራተኛው ድሮ እንዲህ አልነበረም። ሕጉ በ2008 ሥራ ላይ ሲውል በአራተኛው ቦታ የነበረው፣ ትምህርቱ ሲያልቅ ሰውየው ከአገር እንደሚወጣ ማስተማመኛ ነበር። ያንን ያስነሣው የሎዛን ፖሊቴክኒክ ፕሮፌሰር የነበሩትና ፓርላማ የገቡት ዣክ ኔይረንክ ያቀረቡት ሐሳብ ነው። ነገሩ ቀላል ነበር፤ በሕዝብ ገንዘብ ያስተማርነውን ሰው በተመረቀ ማግስት ለምን እናባርራለን አሉ። ፓርላማው ተስማማ፤ ከጥር 1 ቀን 2011 ጀምሮ ያ ቅድመ ሁኔታ ከሕጉ ወጣ። እዚሁ የተመረቀ የውጭ ተማሪም ሥራ የሚፈልግበት ስድስት ወር ተሰጠው።

«እንግዲያው ልጅቷን ትመለሻለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለማ» አሉ ጋሼ።

«ጥያቄው በዋናው በር ወጥቶ በጓሮ ተመለሰ እንጂ!»

የተመለሰው በማስፈጸሚያ ደንቡ አንቀጽ 23 በኩል ነው። የአመልካቹ ትምህርት ሌላውን የመግቢያ ሕግ ለማለፍ የተፈጠረ ሰበብ መሆኑን የሚጠቁም ነገር መኖር የለበትም ይላል ደንቡ። ሲነበብ ተገቢ ነው፤ አስመሳይን የሚወድ የለም። ችግሩ «የሚጠቁም ነገር» የሚለው ቃል ውስጥ የሚገባው ነገር ብዛት ነው። ወጣት መሆኗም ይጠቁማል፣ አለማግባቷም ይጠቁማል፣ ዘመድ እዚህ መኖሩም ይጠቁማል፣ የአገሯ ሁኔታ መክፋቱም ይጠቁማል። ልጅቷ ያላደረገችው ነገር ሁሉ ይጠቁምባታል። ያደረገችው ነገር፣ ማለትም አሥራ ምናምን ዓመት በፈረንሳይኛ መማሯ፣ ለምንድን ነው መማር እንደምትፈልግ የማይጠቁመው?

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ሕጉ መፍቀድ 'ይቻላል' ነው የሚለው፤ መፍቀድ 'ይገባል' አይልም።»

እዚህ ላይ ልክ ናቸው፤ ልክነታቸውም ያንገበግባል። አራቱን ያሟላ ሁሉ ይግባ አይልም ሕጉ፤ ያሟላ ሊፈቀድለት ይችላል ነው የሚለው። ስለዚህ ሁሉን አሟልቶ የተከለከለ ሰው መብቴ ተነካ ብሎ ሎዛን ካለው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩን በመደበኛ ይግባኝ ማድረስ አይችልም፤ መብት የሌለበት ፈቃድ ነውና ክርክሩ ከዚያ በታች ያልቃል። የካንቶኑ ክልከላ ከሆነ ካንቶኑ ፍርድ ቤት፣ የፌዴራሉ የፍልሰት ቢሮ ክልከላ ከሆነ ሳንክት ጋለን ያለው የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት።

«እና 'ይቻላል' ማለት 'እንደ ልብ' ማለት ነው?» አልኳቸው። «ዳኛም ነጻ ነው፤ ሳይፈርድበት ያሰረውን ግን ለምን አሰርከው ይባላል።»

የዚሁ አገር ሕገ መንግሥት፣ የ1999ኙ፣ አንቀጽ 8 ላይ ማንም ሰው በመጣበት ወይም በቋንቋው አድልዎ አይደረግበትም ይላል። አንቀጽ 9 የመንግሥት ቢሮ በዘፈቀደ አይሥራ ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ ጉዳዩ የሚወሰንበት ሰው ይደመጥ ይላል። እነዚህ ቃላት ስዊሶች ለራሳቸው የጻፏቸው ናቸው፤ እኔ ከአዲስ አበባ ይዤ አልመጣሁም።

«አይመለሱማ!» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። «ተምሮ የተመለሰ ስንት አየህ?»

«ኢልግ ተመልሷል።»

«የትኛው ኢልግ?»

«የእርስዎ ከተማ ተማሪ!»

አልፍሬድ ኢልግ ከፍራውንፌልድ የመጣ፣ ዙሪክ ፖሊቴክኒክ፣ ማለትም የዛሬው ኢቴሃ፣ ገብቶ ኢንጂነር ሆኖ የወጣ ስዊስ ነው። በ1879 ሸዋ ገባ፤ ምኒልክን አገለገለ፤ አማርኛ ተማረ፤ የጅቡቲን ባቡር ፈቃድ በ1894 ከንጉሠ ነገሥቱ ተቀበለ፤ በ1897 ደግሞ ቢትወደድ ተባለ። ሩብ ምዕተ ዓመት ከምናምን ኖሮ፣ የራሱን ውሳኔ ራሱ ወስኖ፣ ወደ አገሩ ሄደ፤ በ1916 ዙሪክ ላይ አረፈ። ከእኛ አገር ይዞት የሄደው ዕቃ ዛሬ ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ይህን ሰው አንኮበር በር ላይ አቁሞ «የመምጣትህ ዓላማ አላሳመነንም» ያለው አንድም ዘበኛ የለም። የተማረ ሰው የሚሠራበት ቦታ ይሄዳል፤ ጊዜው ሲደርስ ወይ ይመለሳል ወይ ይቀራል። ያን ደግሞ ገና በሃያ ዓመቱ፣ በቅጽ ላይ፣ ማንም ሊምል አይችልም።

ጋሼ ግን በቀላሉ አይረቱም። «ኢልግ ተጠርቶ ነው የሄደው። ምኒልክ ኢንጂነር ፈልገው ነው ያስመጡት።»

«እሷም ተጠርታለች! ዩኒቨርሲቲው ተቀብዬሻለሁ ብሎ የላከላት ደብዳቤ ጥሪ ካልሆነ ምንድን ነው?»

ይህቺን ዝም ብለው ዋጧት። ከዚያ ሌላ መዘዙ።

«ቢሮው መፈተን የለበትም ነው የምትለው?»

«ይፈትን እንጂ! ፈተናውን የምፈራ መሰለዎት?»

ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። ከጋሼ ቤት ሁለት ፌርማታ ሳይርቅ ኢቴሃ ቆሟል። በ1895 አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ጀርመናዊ ልጅ የመግቢያ ፈተናውን ተፈተነ፤ በሒሳብና በፊዚክስ ጎበዝ ነበር፣ በሌላው ትምህርት ግን አልሞላለትም። አራው ሄደህ አንድ ዓመት ተማርና ተመለስ ተባለ። ተማረ፤ በ1896 ገባ። የአራው የምስክር ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛ ነጥቡ የፈረንሳይኛ ነበር፤ ከስድስት ሦስት። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የጀርመን ዜግነቱን መልሷል፤ ስለዚህ አልበርት አይንስታይን ዙሪክ ውስጥ የተማረው አገር አልባ ሆኖ ነው፤ የስዊስ ዜግነት ያገኘው በ1901 ነው። እሱን የመለሰው ፈተና ምን እንደጎደለው ነግሮታል። የጎደለውን ሄዶ ሞላ።

ፈተና የወደቀ ያጠናል። ግምት የወደቀ ምን ያጠናል?

ይህን ጥያቄ ለጋሼም፣ ለየካንቶኑ ቢሮም እደግመዋለሁ። ፈረንሳይኛሽ አይበቃም ቢሏት ትማር ነበር። ገንዘብሽ ሁለት ሺህ ፍራንክ ይጎድለዋል ቢሏት አጎቷን ትለምን ነበር። የክፍል ኪራይ ውል አምጪ ቢሏት ታመጣ ነበር። «አላሳመንሽንም» ሲሏት ግን የምትሞላው ባዶ ቦታ የላትም። ልብን ማሳያ ወረቀት አልተሠራም።

«ያ አይንስታይን ነው፤ ያውም ድሮ» አሉ ጋሼ።

«ሱስሎቫስ? ሉክሰምበርግስ?»

ሩስያዊቷ ናዴዝዳ ሱስሎቫ በ1867 ዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ዶክተር ስትሆን፣ በአገሯ ሴት ልጅ እንዲህ ያለ ዲግሪ አታገኝም ነበር። ሮዛ ሉክሰምበርግ ከፖላንድ መጥታ በ1897 እዚያው ዶክትሬቷን ያዘች። በራቸው የተዘጋባቸው ልጆች ዙሪክ መጥተው ስለተማሩ ነው ይህቺ ከተማ በዓለም ስሟ የተጠራው። የጄኔቫው ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1559 አካዳሚውን ያቆመው ጆን ካልቪን ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የውጭ ሰው ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ኑዋዮን ነው የተወለደው። ጄኔቫ በ1538 አባርራው ነበር፤ በ1541 መልሳ ጠራችው። የከተማዋን ዜግነት የሰጠችው አካዳሚው ከተከፈተ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በፈረንጆች ገና ቀን ነው። የመጀመሪያው ሬክተር ቴዎዶር ቤዝም ፈረንሳዊ ነበር። ያ ቤት የተሠራው በፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስደተኞች እጅ ነው።

«ዛሬም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ይገባል» አሉኝ። «ጠዋት ጠዋት ባቡሩን አላየኸውም?»

አይቼዋለሁ። ሌማን ኤክስፕረስ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ከፈረንሳይዋ አንማስ ወደ ጄኔቫዋ ኮርናቫን ይመላለሳል። አንማስ ያለው ተማሪ ቁርሱን በልቶ ተሳፍሮ ክፍል ይገባል፤ ቪዛ የሚባል ነገር አይጠይቁትም፤ ስዊዘርላንድና የአውሮፓ ኅብረት ስለ ሰዎች ዝውውር የተስማሙት ውል ከ2002 ጀምሮ ይሠራል። ውሉን አልቃወምም፤ አገርና አገር መዋዋል ያለ ነው። አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ፣ ያውንዴ ወይም አቢጃን ያለው ተማሪ ግን ያንኑ ፈረንሳይኛ ይዞ ኤምባሲ ደጅ ይቆማል። ፋይሉ ወደ ካንቶኑ ይሄዳል፣ ከካንቶኑም አንዳንዴ በርን ወዳለው የፌዴራሉ ቢሮ ይደርሳል፤ ወራት ያልፋሉ። ትምህርቱ ግን መስከረም አጋማሽ ላይ ማንንም ሳይጠብቅ ይጀምራል። በኅዳር የመጣ «እሺ» ለመስከረም ተማሪ ምን ይጠቅመዋል?

ውል የሌለው ሰው የቀረበት ምቾት ነው። ፍትሕ ግን ሊቀርበት አይገባም።

«ለመሆኑ እኛና ፈረንሳይኛ ምን አገናኘን?» አሉ ጋሼ ሳቅ እያሉ። «እኛኮ ማንም አልገዛንም።»

«ለገሃር ይውረዱና ይጠይቁ!»

ሳቁ። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው ላ ጋር፣ ከባቡር ጣቢያው፣ የመጣ ነው። ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቋንቋውም አብሮ ወረደ። የኢትዮ ፈረንሳይ አሊያንስ ከ1907 ጀምሮ አለ። ሊሴ ገብረ ማርያም በ1947 ተከፈተ፤ ስሙን ያገኘው ጣልያንን ሲዋጉ ከወደቁት ደጃዝማች ገብረ ማርያም ነው። ሎሬንዞ ታእዛዝ ሞንፔልዬ ሕግ ተምረው፣ በዚያ ፈረንሳይኛ ጄኔቫ ላይ ቆመው ለኢትዮጵያ ተከራክረዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ሐረር በልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ተምረው ነበር፤ ሰኔ 30 ቀን 1936 ጄኔቫ ሲቆሙ ግን የተናገሩት በአማርኛ ነው። ያን ቀን የጎደለው ቋንቋ አልነበረም፤ በሳምንት ውስጥ የመንግሥታቱ ማኅበር በጣልያን ላይ የጣለውን ማዕቀብ ለማንሣት ወሰነ። እንግዲህ እኛ ማንም ሳይገዛን፣ በፈቃዳችን፣ ይህን ቋንቋ ተምረናል። በፈቃድ መማር ከግዴታ መማር አንሶ የሚታይበት ሚዛን ካለ፣ ሚዛኑ ይታይልኝ።

ሚዛኑን ደግሞ ካናዳ ላይ አይቼዋለሁ። ጋሼ «እዚህ እምቢ ካሏት ካናዳ ትሞክር» ስላሉኝ ነው ወደዚያ የምዞረው። ካናዳ ውስጥ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አፍሪካውያን ተማሪዎች ከሌላው በበለጠ መከልከላቸው ዓመታት ያስጮኸ ጉዳይ ነው፤ የፓርላማው የኢሚግሬሽን ኮሚቴም በ2022 በዚሁ ላይ ሪፖርት አውጥቷል። የሚከለከሉበት ዋና ምክንያት ያው ነበር፤ ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ አትወጡም። መንግሥት ነሐሴ 26 ቀን 2024 ከኩቤክ ውጪ ላሉ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ማኅበረሰቦች አዲስ የሙከራ ፕሮግራም ከፈተ። በዚህ ፕሮግራም የሚገባ ተማሪ እወጣለሁ ብሎ ማሳመን አይጠበቅበትም። ጥሩ ነው፤ አመሰግናለሁ። ግን የተፈቀደላቸው 33 አገሮች ናቸው። ጅቡቲ አለች። ኢትዮጵያ የለችም፤ የፍራንኮፎን አገሮች ማኅበር አባልም አይደለችም። የባቡሩ አንደኛው ጫፍ ገባ፣ ሌላው ጫፍ ቀረ! አዲስ አበባ ሊሴ ተቀምጣ ያንኑ ባካሎሬያ የተፈተነች ልጅ ዜግነቷ ብቻ ከጅቡቲዋ እኩያዋ ይለያታል። ያም ሆኖ ካናዳ አንድ ነገር አሳይታለች። «ትመለሻለሽ ወይ» የሚለው ጥያቄ ሲቀር ሰማይ አልወደቀም።

«እኛ ዙሪክ ግን ፈረንሳይኛ አናበዛም» አሉ ጋሼ፤ አሁን ለከተማቸው መሟገታቸው ነው።

«አውቃለሁ፤ ከልጆቻችሁም ልታስጥሉ ነው!»

የዙሪክ ካንቶን ምክር ቤት በመስከረም 2025 ፈረንሳይኛ ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ወጥቶ ከፍ ወዳለው ክፍል እንዲገፋ ድምፅ ሰጥቷል። ከአገሩ ሕዝብ አራተኛው እጅ የሚጠጋው የሚናገረው ብሔራዊ ቋንቋ ነው ይሄ። በርን ድረስ አስቆጥቷል። እኔ የማነሣው ግን ለሌላ ነገር ነው። የዙሪክ ልጅ ፈረንሳይኛን እየሸሸ ባለበት ዘመን፣ ከአዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ወድዳና ለፍታ የመጣች ልጅ ለዚህ አገር ሸክም ናት ወይስ ስጦታ? የሊሴ ልጅ ለባችለር ኢቴሃ አትመጣም፣ እዚያ በጀርመንኛ ነው የሚያስተምሩት። እሷ የምትሄደው ጄኔቫ፣ ሎዛን፣ ኖይሻቴል ነው። ቋንቋው በሚኖርበት ትኖራለች፣ ቋንቋውን ትጠብቃለች።

«ገንዘቡስ?» አሉኝ። እዚህ ላይ ድምፃቸው ለሰለሰ፤ እሳቸውም ልጅ አስተምረዋል።

ገንዘቡ እውነተኛ ችግር ነው፤ አላቃልለውም። የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ክፍያ ለረጅም ጊዜ በሴሚስተር 500 ፍራንክ ነበር፤ ኢቴሃ 730 ፍራንክ የነበረውን ለመማር ሲሉ ከውጭ ለሚመጡ አዲስ ተማሪዎች ከ2025 መጸው ጀምሮ 2,190 አድርሶታል። ክፍያው ግን ትንሹ ነው። ትልቁ የመኖሪያው ነው፤ ለዓመት ከ20 ሺህ ፍራንክ በላይ ባንክ ውስጥ ማሳየት፣ አለዚያ እዚህ የሚኖር አቅም ያለው ዋስ ማቅረብ፣ አለዚያ ስኮላርሺፕ። ተማሪ መሥራት የሚችለው ትምህርት ከጀመረ ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ነው፤ ያውም በሳምንት 15 ሰዓት። አሁን አዲስ አበባ ያለውን አባት አስቡት። ለልጁ በብር ሲያጠራቅም ኖሮ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። አባትየው አንድ ሳንቲም ሳያባክን ያጠራቀመው በፍራንክ ሲመነዘር ግማሽ ሊሆን ትንሽ ቀረው።

ያም ሆኖ ገንዘብ መጠየቁን ኢፍትሐዊ አልለውም። ቁጥር ነው። ቁጥር ይታወቃል፣ ይሞላል፣ ቢያቅትም በእውነት አቃተ ይባላል። ጋሼን ያልኳቸውም ይህንኑ ነው፦ «ቁጥር ጠይቁኝ፤ አመጣለሁ ወይ አጣለሁ። ልቤን አትመዝኑ።»

«የኛ ሰውም ንጹሕ አይደለም» አሉ። «ሐሰተኛ የባንክ ወረቀት የሚያመጣ የለም?»

«አለ። የሌባውን እጅ ያዙ፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ እጅ አትጠርጥሩ።»

ይህን ስል ግን ለወገኖቼም የምለው አለኝ። ለሁለት ሳምንት ብቻ ገንዘብ አካውንት ውስጥ አስገብቶ የሚያስወጣ፣ ሰው የጻፈውን የማመልከቻ ደብዳቤ ለመቶ ልጅ ስሙን ብቻ ቀይሮ የሚሸጥ ደላላ አለ። ቢሮ የተቀመጠው ሰው ሃያ ተመሳሳይ ደብዳቤ ካነበበ በኋላ ሃያ አንደኛውን፣ ከልቡ የጻፈውን ልጅ፣ እንዴት ይመነው? ደላላው የሚሸጠው ያንተን ቦታ ነው። ያን ደብዳቤ ራስህ ጻፈው፤ ለምን ይህን ትምህርት፣ ለምን እዚህ፣ ከዚያ በኋላ ምን፤ በራስህ ፈረንሳይኛ፣ ስሕተት ቢኖረውም።

ስለ ዕድሜ ሳልናገር አላልፍም። የፌዴራሉ መመሪያ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው በመርሕ ደረጃ ለትምህርት አይፈቀድለትም፣ በቂ ምክንያት ካላቀረበ በቀር ይላል። ያገራችንን ልጅ ዕድሜ ግን ማን በላው? በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎቹን ዘጋ፤ ተከትሎ ትግራይ ውስጥ ጦርነት መጣ፤ ከዚያ አማራ ክልል። ተማሪው ጎንደር፣ መቀሌ ወይም ወልድያ ላይ ሆኖ ሴሚስተር ሲጠብቅ ዓመት ሄደበት። በሃያ ሁለት መመረቅ የነበረበት በሃያ ስድስት ተመርቆ፣ ሥራ ይዞ፣ ገንዘብ አጠራቅሞ ሲያመለክት «ዘገየህ» ይባላል። የዘገየው እሱ አይደለም። ይህን የሚያነብ ባለሥልጣን ካለ፣ የዚህን ልጅ ዕድሜ ሲቆጥር የተዘጋውን ዓመት እንዲቀንስለት እለምነዋለሁ። በቂ ምክንያት ማለት ይሄ ካልሆነ ሌላ ምን አለ?

ቡናው በረካ ላይ ደረሰ። ጋሼ ብዙ ዝም አሉና፣ «እና ምን ይሁን ነው የምትለው?» አሉኝ። በዚህኛው ውስጥ ተረብ አልነበረም።

«የከለከለ ሰው የጎደለውን በስሙ ይጥራ» አልኳቸው። «ወረቀት ከጎደለ ወረቀቱን፣ ገንዘብ ከጎደለ መጠኑን። መልሱም ትምህርት ሳይጀመር ይድረስ። ከየአገሩ ስንት አመለከተ፣ ስንት ተፈቀደለት፣ ጄኔቫ ስንት፣ ዙሪክ ስንት፣ ማንም ሰው ሊያነበው በሚችል መልኩ በየዓመቱ ይለጠፍ። አድልዎ ከሌለ ቁጥሩ ይመሰክርላቸዋል። አድልዎ ካለ ቁጥሩ ይናገራል።»

«እና ልጅቷ?»

«ልጅቷ ይግባኝ ብላለች።»

ጋሼ ተነሥተው መነጽራቸውን አመጡ። «ደብዳቤውን ላክልኝ» አሉ፤ «ጀርመንኛ ካለበት እኔ አነብላታለሁ።»

እናንተም ይህ ደብዳቤ የደረሳችሁ ልጆች፣ በንዴት አትቅደዱት። የመጣበትን ፖስታ ጭምር አስቀምጡት፤ የደረሰበትን ቀን ጻፉበት። ቀጥታ ይግባኝ የማያስኬድ አጭር መልስ ከሆነ፣ ይግባኝ የሚባልበት ሙሉ ውሳኔ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ሙሉ ውሳኔው መጨረሻ ላይ የት ይግባኝ እንደሚባልና እስከ መቼ እንደሆነ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያላችሁ 30 ቀን ነው፤ መቁጠር የሚጀምረውም ውሳኔው እጃችሁ ከገባ ማግስት ነው።